ላለመገኘት ሁለትን ይጫኑ

ስለ ዲስራፕቲቭ ኢኖቬሽን የሚያስተምራችሁ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ። ቃሊቲ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ለዓመታት ሳስተምረው ኖሬያለሁ። ስላይዶቹን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ፤ ፎቶ አላቸው፣ ቀስት አላቸው፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም ይንቀሳቀሳሉ። ቃሉን ወደ አማርኛ «ገልባጭ ፈጠራ» ብዬ የመለስኩትም እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ «መምህር፣ የአሸዋ ነው የጠጠር?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። ቃሊቲ ውስጥ ገልባጭ ሲባል ለሰው የሚታየው ያው አቧራ እያስነሳ የሚያልፈው መኪና ነው። እኔ ግን የሳይንስ ሰው ነኝና ተስፋ አልቆረጥኩም።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ገበያውን የያዘ አንድ ትልቅ ድርጅት አለ። ጎበዝ ነው። ጎበዝ ስለሆነ ደህና የሚከፍሉትን ደንበኞቹን ይሰማል። እነሱ የተሻለ ነገር ይፈልጋሉ፤ የተሻለ ይሠራላቸዋል፤ ዋጋ ይጨምራል፤ ይከፍላሉ። ከታች ያለው፣ መክፈል የማይችለው ሰው ይረሳል። መርሳቱም ያዋጣል። በዚህ መሀል አንዱ ይነሣና ለማየት እንኳን የሚያሳፍር፣ ርካሽ፣ ግማሹ የጎደለ ነገር ይዞ ለዚያ ለተረሳው ሰው ያቀርብለታል። ትልቁ ድርጅት ይስቃል። ነገሩ በእርግጥም ያስቃል። ያ የሚያስቅ ነገር ግን የዚያን ሰው አንዲት ችግር በደንብ ትፈታለታለች። ከዚያ ቀስ እያለ ደረጃውን ይወጣል፤ አንድ ቀን ትልቁ ድርጅት ዞር ሲል ደንበኞቹ የሉም።

እዚህ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ አንድ የፈተና ጥያቄ አወጣ ነበር፤ ትልቁ ድርጅት ለምን ወደቀ? «ሞኝ ስለሆነ» ብሎ የመለሰ ዜሮ ያገኛል። ትክክለኛው መልስ «ሁሉንም ነገር በትክክል ስለሠራ» ነው። አያቶቻችን ይህንን ሁሉ «የናቁት ወንድ ያስረግዛል» ብለው በሦስት ቃል ጨርሰውታል። እኔ ግን ለሦስት ቃል ደመወዝ የሚከፍለኝ ኮሌጅ አላገኘሁም።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ የማውቀው ሰው በትርፍ ጊዜዬ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ሰፈራችን ማለቴ የተወለድኩበት አቃቂ በሰቃ ነው፤ እኔ አግብቼ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብገባም አባቴና እህቴ ሰናይት እዚያው የድሮው ግቢ ውስጥ ነበሩ። እድሩን ያቋቋሙት አባቴና የክር ፋብሪካ ጓደኞቹ ናቸው። ያን ጊዜ የእድሩ ንብረት አንድ የተጣጣፈ ድንኳን፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጡሩምባ ነበር። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው እየዞረ ይለፍፋል። ሰው ይወጣል፣ ያለቅሳል፣ ይሸከማል፣ ይቀብራል፣ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። የቀረ ይቀጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሊቀመንበራችን ሻምበል ወርቁ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የተገለሉ፣ ጢማቸውን በየማለዳው የሚላጩ፣ ስብሰባን እንደ ሰልፍ የሚመሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጠሩኝና «አንተ የተማርክ ነህ፤ እድራችንን ወደ ዘመናዊነት አሸጋግርልን» አሉኝ። ለአስተማሪ ከዚህ የበለጠ የሚያሰክር መጠጥ የለም። አሸጋገርኩት።

መስኮት ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ጣሪያው ላይ መብራት የሚንጠለጠልበት ድንኳን ገዛን። ወንበሮቹን ጨርቅ አልብሰን ከጀርባቸው ጥብጣብ አሰርንላቸው። ጡሩምባው ቀርቶ የሞት ዜና በስልክ መልእክት እንዲደርስ አደረግን። ከዚያ ደህና የሚከፍሉ አባሎቻችንን ሰብስበን ምን እንድናሻሽልላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቅናቸው። ነጋዴዎቹም፣ ባለ ብዙ ሥራዎቹም፣ ሩቅ ኮንዶሚኒየም የገቡትም በአንድ አፍ ተናገሩ። «መዋጮው አይከብደንም። የሚከብደን መምጣቱ ነው።»

ደንበኛ ንጉሥ ነው። ስለዚህ «ልዩ አባልነት» የሚባል ነገር ፈጠርን፤ ጨመር አድርጎ የሚከፍል አባል ቀብር ከመሄድ፣ አስከሬን ከመሸከምና ለቅሶ ከመቀመጥ ነፃ ይሆናል። መልእክቱን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ «እገሌ ዐርፈዋል። ነፍስ ይማር። ለመገኘት አንድን፣ ላለመገኘት ሁለትን ይጫኑ።» ሁለትን በተጫነ ሰው ስም ወደ ሐዘንተኛው የማጽናኛ መልእክት በራሱ ይላካል። በአገራችን አለመምጣትን የሸጠ የመጀመሪያው እድር የእኛ ሳይሆን አይቀርም። እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ።

ሐሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ የተቃወመው አባቴ ብቻ ነበር። ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና «ልጄ፣ ይሄ እድር ነው ኢንሹራንስ?» አለኝ። ጉባኤው ሳቀ። ሻምበል «ጋሽ ተሰማ፣ ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው» አሉት። እኔም አንድ ስላይድ አሳየሁት። አየውና ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እድሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔ አሳመንኩት ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ስብሰባ መጨረሻ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ዘይነባ ትባላለች፤ ከወሎ መጥታ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ፣ አባቴ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየች ናት። ድምፅ ማጉያ አያስፈልጋትም። «እኔና ጓደኞቼ ተከራዮች ነን። የሚከፈለውን ከፍለን መግባት እንፈልጋለን» አለች።

«ልጄ» አሏት ሻምበል፣ «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም።»

«የሚሞት ሰውስ ሻምበል? እሱስ ነገ አለ?»

ተሳቀ። ጥያቄዋ ግን ውድቅ ሆነ።

ከወራት በኋላ እነ ዘይነባ የራሳቸውን እድር እንዳቋቋሙ ሰማን። ድንኳን የለውም፣ ወንበር የለውም፣ ድስት የለውም፤ መዋጮው ሻይ ቢገዛ ዳቦ አይጨምርም። ደንቡ አንድ ነው፤ ከሰው ለቅሶ የቀረ፣ የራሱ ላይ ሰው አይጠብቅ። ሻምበል «ባዶ እጅ እድር» ብለው ስም አወጡለት። እኔም ክፍል ውስጥ «እንዲህ ያለውን ድርጅት ገበያው ራሱ ያጠፋዋል» እያልኩ ምሳሌ አደረግኩት። በየትኛው ምዕራፍ ብትሉኝ፣ በገልባጭ ፈጠራ ምዕራፍ ውስጥ።

አባቴ ያረፈው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሰናይት ደውላ «ዳዊት፣ አባዬ አልነሣ አለኝ» አለች። የምትለው ገብቶኛል፤ ግን «በደንብ ቀስቅሺው» አልኳት። ከኮዬ ፈጬ አቃቂ በሰቃ እንዴት እንደደረስኩ ዛሬም አላስታውሰውም። አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቶ ነበር፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ነው የሚመስለው። እግሩን ያዝኩት። በረዶ ሆኗል።

የእድሩ አገልግሎት ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እንከን አልነበረውም። ሻምበል በጥቁር ሙሉ ልብስ ወዲያው ደረሱ። ደመወዝ የምንከፍላቸው ሠራተኞች ድንኳኑን በአፍታ ተከሉት፤ ምንጣፉ ተነጠፈ፣ ወንበሮቹ ተደረደሩ፣ ጥብጣቦቹ ተስተካከሉ። ያንን ድንኳን ያየ መንገደኛ ሙሽሮቹ የት አሉ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሻምበል ዙሪያውን ቃኝተው «ጋሽ ተሰማ ይህንን ቢያዩ!» አሉ።

ከዚያ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። «አቶ ተሰማ ዐርፈዋል። ነፍስ ይማር። ለመገኘት አንድን፣ ላለመገኘት ሁለትን ይጫኑ።» የእድሩ አባል ነኛ፣ ለእኔም ይደርሰኛል። ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ አንድን ተጫንኩ።

ከዚያማ ስልኬ ማረፊያ አጣ። «በደረሰብዎ ሐዘን የተሰማንን እየገለጽን ከጎንዎ መሆናችንን እናረጋግጣለን።» ያው የእኔ ጽሑፍ ነው። «ከጎንዎ» የምትለዋን ቃል ለመምረጥ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ እንደፈጀሁ ትዝ አለኝ። ቀና ብዬ ግራና ቀኝ አየሁ። ከጎኔ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች ነበሩ።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ተብሏል። ረፋዱ ሄደ፣ ቀትር ሆነ። ድንኳኑ ውስጥ ሻምበልና አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አራቱም የልዩ አባልነቱ ክፍያ ስለከበዳቸው ተራ አባል ሆነው የቀሩ ናቸው፤ አንደኛው በክራንች ነው የሚሄዱት። ሰናይት ጋ ባለቤቴና ከጎረቤት ጥቂት ሴቶች አሉ። ዘመድ የምንለው ከደብረ ብርሃን ገና መንገድ ላይ ነው። የኮሌጅ ባልደረቦቼ ፈተና ላይ ናቸው። ሌላው ሰፈርተኛ በሙሉ የእድራችን አባል፣ ያውም ልዩ አባል ነው።

ለአንድ የቆርቆሮ ነጋዴ ደወልኩ፤ አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው፣ እናቱ ስትሞት ሬሳዋን የተሸከመለት ሰው ነው።

«ዳዊቴ፣ ሁለትን ተጭኜ ነበር እኮ! አልደረሰህም?»

«ደርሶኛል።»

«እግዜር ያጽናህ፣ ወንድሜ። ትልቅ ሰው ነበሩ። ሲስተማችሁ ግን በጣም አሪፍ ነው፤ በዚሁ በርቱ።»

ስልኩን ዘጋሁት። የሚያበሳጨው ነገር ሰውየው ምንም አለማጥፋቱ ነው። ከፍሏል። እኔው ራሴ ነኝ የሸጥኩለት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዴት እንደሚጠማ ያን ቀን ቀመስኩት።

ሻምበል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የሸክሙ ጉዳይ አያሳስብህ። አደባባዩ ጋ ጉልበት ያላቸው ልጆች አሉ፤ አራት ስድስቱን እናስጠራለን። እድሩ ይከፍላል። እንዲያውም ወደፊት በአገልግሎታችን ውስጥ እናካትተዋለን።»

ሰናይት ከኋላችን ቆማ ኖሯል። «ጫኝና አውራጅ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር። «ሻምበል፣ አባዬ ሲሚንቶ ነው እንዴ በጫኝና አውራጅ የሚሄደው?»

አባቴ በዚያ ሰፈር ውስጥ ያልተሸከመው ሬሳ የለም። ትከሻው ላይ የነበረው ጠባሳ ከፋብሪካው ነው ይላል፤ ነፍሷን ይማርና እናቴ ግን ከቃሬዛ ነው ትለው ነበር። አሁን እሱን የሚሸከም ሰው በሰዓት ልንቀጥር ነው። ልጁ ዳዊት እዚያ ቆሜ፣ ሌላ መፍትሔ የለኝምና «ይጠሩ» ልል አፌን ከፈትኩ።

«መምህር፣ አብሽር!» አለኝ አንድ ድምፅ። ዘይነባ ናት። ከማለዳው ጀምሮ ግቢው ውስጥ ውሃ ስትቀዳ፣ በስልክ ስትነጋገር፣ እንደገና ውሃ ስትቀዳ አይቻታለሁ፤ ተከራይ ስለሆነች ልብ አላልኳትም። «ስምንት ሰዓት ሺፍት ይለቃል። ከዚያ መጡ ማለት ነው።»

«እነማን ናቸው የሚመጡት?»

«የአባባ እድርተኞች ናቸዋ!»

«ዘይነባ፣ የአባዬ እድርተኞች እኛ ነን» አልኳት፤ በዚያ ሰዓት እንኳን የአስተማሪ ድምፄን አልተውኩም።

«እናንተማ ሁለትን ተጫናችሁ።»

ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዘይነባ አላየቻቸውም፤ ባልዲዋን አስቀመጠችና ነገረችኝ።

«እናቴ የሞተች ጊዜ ወንድሜ ከወሎ የደወለው ለእኔ አይደለም፤ ለአባባ ነው። ብቻዋን ናት፣ በስልክ አትስማ፣ ሰው ሰብስባችሁ አርዷት ብሎ ለመናቸው። አባባ ሰው ፈለጉ። ለተከራይ ማን ይመጣል? ጠዋት በሬን ስከፍት ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ብቻቸውን ቆመዋል። መርዶ ለብቻው የሚያረዳ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሳያቸው ገባኝ። ሦስት ቀን በሬ ላይ ዱካ አስቀምጠው ዋሉ። ሰው ባለፈ ቁጥር 'ለቅሶ ቤት ነው፣ ግቡ' ይላሉ። አንዱም ሲገባ፣ ሌላውም ሲገባ፣ የፋብሪካ ጓደኞቼም ሰምተው ሲመጡ ክፍሏ ሞላች። በሦስተኛው ቀን 'እንግዲህ እድር ማለት ይኸው ነው፣ አትበተኑ' አሉን። የእድራችን የመጀመሪያ አባል እሳቸው ናቸው፣ መምህር። አልነገሩህም?»

አልነገረኝም። በየጥቂቱ ቀን ከዘራውን ይዞ ሲወጣ «አባዬ፣ ወዴት ነው?» እለው ነበር። «ሥራ አለብኝ» ይለኛል። ጡረተኛ ምን ሥራ አለው ብዬ እስቅ ነበር።

«እኛ ልጆች ነን» አለች ዘይነባ። «ሽማግሌ አልነበረንም። ለቅሶ ቤት ውስጥ 'በቃ ልጄ፣ ይብቃሽ' የሚል ትልቅ ሰው ከሌለ ለቅሶው አያቆምም፤ ሰው ያለቅሳል፣ ያለቅሳል፣ ይታመማል። አባባ 'በቃ' ይሉ ነበር። እሳቸው በቃ ካሉ ይበቃል።»

ሰናይት ይህንን ስትሰማ ከጠዋቱ ጀምሮ ያነቃት ለቅሶ ፈነዳ። እኔም አለቀስኩ። ያፈርኩ ይሁን ያዘንኩ አላውቅም፤ ሁለቱም ነበሩ።

ስምንት ሰዓት አለፍ እንዳለ ከዋናው መንገድ የአውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ። የፋብሪካ ሰርቪስ ነው። ለካ ሹፌሩም አባል ኖሯል። አንዱ ቆመ፣ ከኋላው ሌላው ቆመ። የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ፣ ጸጉራቸው ላይ የክር ብናኝ እንዳለ ወረዱ፤ ሴቶች፣ ወንዶች፣ የጥበቃ ሰዎች፣ ጨርቅ ቆራጮች። ጠባቧ መንገዳችን ሞላች። «አባባ! አባባ ተሰማ!» እያሉ ገቡ። የማላውቃቸው ሰዎች ለአባቴ ሙሾ ሲያወጡ ሰማሁ፤ ሙሾው ውስጥ ስለ ገዛ አባቴ የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ። አንዷ ታማ በተኛች ጊዜ ብርቱካን ይዞላት ሄዷል። ሌላዋ ወንድሟን ለመቅበር አገር ቤት ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቷታል። አንዱ ደግሞ «በቃ የሚለኝ ማን አለ!» ይላል፣ ደረቱን እየመታ።

ሻምበል እጃቸውን ዘርግተው «በመስመር! በመስመር!» አሉ። የሰማቸው የለም። ቃሬዛው ሲነሣ ሽሚያ ሆነ። «ትንሽ ተሸክመሃል፣ ልቀቅ»፣ «ቆይ፣ ገና አሁን ነው የያዝኩት» ይባባላሉ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ድረስ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሄደ፤ መሬት ሊያስነካው የፈቀደ አልነበረም። ያን ያህል ሰው ተሸክሞ ነበርና ያን ያህል ሰው ተሸከመው። ዘይነባና ሌሎቹ ሙስሊሞች ከቅጽሩ በር ላይ ቀሩ። ፍትሐቱ ተጠናቆ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ እኛ እስክንወጣ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ቀን ለእኔ እንቆቅልሽ ነበር። የጠዋት ሺፍተኛው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። እሱ ሲነሣ ማታ ከከሰዓት ሺፍት የወጣው ይተካዋል። በማለዳ ደግሞ የሌሊት ሠራተኞቹ ዐይናቸው ቀልቶ ከሰርቪስ ወርደው ሳይተኙ ይገባሉ። ቤታችን አንዲት ሰዓት እንኳን ባዶ አልሆነም። ለቅሶን በሺፍት መቀመጥ! ይህንን ከእኔ ስላይዶች መሀል በየትኛው ላይ ላገኘው እችል ነበር?

በሦስተኛው ቀን ሻምበል ወደ እኔ መጡ። ዐይናቸው ያበራል። «አየህ ይህንን ኃይል? ልዩ አባሎቻችን ሐዘን ሲደርስባቸው እነዚህን ልጆች በክፍያ እናቀርብላቸዋለን። ድንኳን ከኛ፣ ሰው ከነሱ። ሙሉ ፓኬጅ!» ሻምበል የቢዝነስ ትምህርት አልተማሩም፤ ለኮሌጃችን ትልቅ ጉዳት ነው።

ሐሳባቸውን ዘይነባ ሰማችው። ትስቃለች ወይም ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። «ሻምበል» አለቻቸው፣ «ለክፍያ የሚመጣ ሰው ሌላ የሚበልጥ ከፋይ ሲያገኝ ይቀራል። እርስዎ ይምጡና ይቀመጡ፤ ብር አንጠይቅዎትም።»

ሻምበል ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ውጭ ናቸው። ጥብጣብ ወደታሰረባቸው ወንበሮች አዩ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ለእኔስ... ለእኔስ ይመጡ ይሆን?» አሉ።

«መጀመሪያ እርስዎ ለሰው ይምጡ። ከዚያ እናያለን።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የአባቴን ኮት ሰቀላው ላይ አይቼ እንደገና ለቅሶ ያዘኝ። ዘመድ ሁሉ እያየ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅኩ። ማንም የሚያስቆመኝ አልተገኘም፤ «በቃ» ይል የነበረው ሰውዬ እሱ ራሱ ነበራ። በመጨረሻ ዘይነባ ትከሻዬን ያዘችና «በቃ፣ መምህር። ይበቃል» አለችኝ። በዕድሜ ታንሰኛለች። በቃኝ።

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ በከተማችን አዲስ አፕ የሠራ ሁሉ፣ የቢሮውን ቀለም የቀየረ ሁሉ «ዲስራፕተር ነኝ» ይላችኋል። እኔም እል ነበር። የተወደደና ያማረ ነገር መሥራት ግን ገልባጭ አያሰኝም፤ ብዙ ጊዜ የሚያሰኘው ተገልባጭ ነው። የእኛ እድር ድንኳኑን አሻሻለ፣ ወንበሩን አሻሻለ፣ መልእክቱን አሻሻለ፤ ሰው እድር የሚገባባትን አንዲት ነገር ግን አውጥቶ ሸጣት። ያውም ስለ ሞኝነታችን አይደለም። ደንበኛ ጠየቀን፣ ሰማነው፣ ከፈለን፣ አመሰገነን። ሁሉንም በትክክል ሠራን። የፈተናዬ ትክክለኛ መልስ የእኛው እድር ነበር ማለት ነው።

አሁንም አስተምራለሁ። የሚንቀሳቀሱትን ስላይዶች አጥፍቻቸዋለሁ። የፈተናው ጥያቄ «ሰው እድር ለምን ይገባል?» የሚል ሆኗል፤ ተማሪዎቹ ይሄ ከቢዝነስ ጋር ምን አገናኘው ብለው ያጉረመርማሉ። ያ የሚያምር ድንኳን ደግሞ በአብዛኛው ለሰርግ ይከራያል፤ ድሮም ፊቱ የሰርግ ነበር። ሻምበልን ፈልጋችሁ ካጣችኋቸው ከጋራዥ ጀርባ ባሉት የኪራይ ቤቶች በአንዱ፣ ለቅሶ ላይ ናቸው። እኔም ዘይነባን አስገቢኝ ብዬ ስጠይቃት «የአባትህ ልጅ መሆንህ መግቢያ አይሆንም» አለችኝና በማላውቃቸው ሰዎች ለቅሶ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ ካስቀመጠችኝ በኋላ ገባሁ።

ባለፈው ሰሞን ኮዬ ፈጬ ከአንድ ብሎክ ደረጃ ሥር ተሰብስበን ነበር። እድሩ አድጓል፤ ተከራይ ብቻ ሳይሆን የቤት ባለቤቶችም፣ ከእኛ እድር የወጡም እየገቡ ነው። በቅርቡ ሹመት ያገኘ፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ አንድ አባል ተነሣ። «እኔ የምለው» አለ፣ «አሁን ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ፤ ጊዜ የለኝም። እንደኔ ሥራ የሚበዛበት ሰው ትንሽ ጨመር አድርጎ ቢከፍልና አንዳንዴ ቢቀርስ? በብሩም ድንኳን እንገዛበታለን።»

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። «መጥፎ ሐሳብ አይደለም» ያለም ነበር። ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ ይሄ ያንተ ትምህርት ነው። መልስለት።»

ተነሣሁ። የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ስለ ገበያ፣ ስለ ደንበኛ፣ ከታች ስለሚመጣው። ሁሉንም ተውኩት።

«አባትህ አሉ?» አልኩት።

«አሉ። ሆሳዕና ናቸው።»

«ዕድሜ ይስጣቸው። ሲያርፉ ማን ይሸከማቸዋል?»

ልጁ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ዘይነባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ነገ የኤልሳቤጥ እናት ቀብር ነው። የማይመጣ አለ?»

ማንም እጁን አላወጣም።